አንቴናው ጎበዝ፣ ገመዱ ሌባ፦ የአሥር ወር ልምድ ከጣና ዳር

ማታ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ የባሕር ዳር መብራት በውኃው ላይ ይታየኛል። የሞባይል ማማውም ከውኃው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ በካርታ ስለካው አራት ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል እየተያየን ኢንተርኔቱ ግን ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ሲያኮርፍ የሚቀር እንግዳ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጣሪያ ላይ የሚተከል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ አንቴና ገዛሁ። ዋጋው የአንድ ደህና በግ ያህል ነው። አብሮት 15 ሜትር ቀጭን ጥቁር ገመድ ተጠቅልሎ መጣ።

ሣጥኑ ላይ «28 ዴሲቤል» የሚል በትልቁ ተጽፏል፤ ዴሲቤል የምልክት ኃይል ስንት እጥፍ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት ነው። ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሳቄ መጣ። ክንድ የምታህል እንዲህ ያለች አንቴና 10 ዴሲቤል ከሰበሰበች ጎበዝ ናት፤ እሱም ቢሆን የምልክቱን ኃይል አሥር እጥፍ ማድረግ ነው። ተከልኩት፣ ወደ ማማው አዞርኩት፣ ራውተሩን ከፈትኩ። ቀድሞ 108 ከዜሮ በታች ይል የነበረው የምልክት ንባብ (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ምልክቱ ይበረታል) 107 አለ። አንድ ዴሲቤል! በጌን አሰብኩ።

ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ብዙ ሰው ምልክት በሽቦ ውስጥ ውኃ በቧንቧ እንደሚሄደው የሚሄድ ይመስለዋል። በመዳቡ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ካሉበት እምብዛም አይርቁም። የሚጓዘው ሞገዱ ነው፤ መንገዱም በመሐለኛው ሽቦና በዙሪያው ባለው መረብ መካከል የሚገኘው ነጭ ፕላስቲክ ነው። ፍጥነቱ የብርሃን ሁለት ሦስተኛ፣ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 15 ሜትሩን በ75 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይጨርሳል። በፍጥነቱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በቀረጡ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሞገዱ እየተበተነ ይሳሳል እንጂ የሚበላው ነገር የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሳል። ገመድ ግን በየሜትሩ ያስከፍላል። ይህ ቀጭን ገመድ የእኔ ራውተር በሚሠራበት 1800 ሜጋኸርትዝ በሜትር 0.8 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። ሰባት ሜትር ተኩሉ ብቻ 6 ዴሲቤል ስለሚበላ ቤቴን ከአራት ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር እንደማራቅ ነው፤ 15ቱ ሲሞላ 16 ኪሎ ሜትር ደረስኩ ማለት ነው። አንቴናው የሰበሰበውን ገመዱ ጨርሶ በላው።

የሰፈራችን ዲሽ ገጣሚ ልጅ መጥቶ አየና «መምህር፣ ይህን ክር ይጣሉትና የዲሽ ገመድ ልዘርጋልዎ» አለኝ። «የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ራውተሩ 50 ኦም ይፈልጋል፤ አይጣጣሙም» ብዬ በመምህር ወግ መለስኩት፤ ኦም ገመዱ ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፣ ካልተመሳሰለ ከሞገዱ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዝም ብሎ ሄደ። ማታ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው አለመጣጣሙ ወደ ኋላ የሚመልሰው የኃይሉን 4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወፍራሙ የዲሽ ገመድ ደግሞ በሜትር የሚበላው 0.3 ዴሲቤል አካባቢ ነው። በማግስቱ ደወልኩለት። ንባቡ 100 ላይ ሲደርስ ልጁ ፈገግ አለ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

እስከ የካቲት ድረስ ደስተኛ ነበርኩ። ከዚያ አንድም ነገር ሳልነካ ምልክቱ ይወርድ ጀመር፤ ሚያዝያ ላይ ባሰበት። ገመዱን ፈተሽኩ፣ ማያያዣውን አጸዳሁ፣ ማማውን ረገምኩ። የረሳሁት ጣናን ነው። ሐይቁ ክረምት መውጫ ላይ ሞልቶ እስከ ሰኔ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይጎድላል። ከማማው የሚመጣው ሞገድ ደግሞ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከውኃው ላይ ነጥሮ ይደርሰኛል። በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ማዕዘን የነጠረው ተገልብጦ ስለሚመጣ፣ የሁለቱ መንገድ ልዩነት አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ጥቅምት ላይ አንቴናዬ ከውኃው ሰባት ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ስምንት ተኩል ሆነ፤ በእኔ ርቀትና በዚያ ማማ ቁመት ይህ መጠፋፊያው አጠገብ ነው።

ጎረቤቶቼ ሁሉ «ከፍ አድርገው» አሉኝ። እኔ ሁለት ሜትር ተኩል ዝቅ አደረግኩት። ያበድኩ መሰላቸው፤ ምልክቱ ግን ያን ዕለት ተመለሰ። አሁን ነሐሴ ላይ ውኃው እየሞላ ሲመጣ እንዲያውም ከበፊቱ በልጧል።

አንቴናውን ግዙ እላለሁ። አብሮት የሚመጣውን ገመድ ለልብስ ማስጫ አድርጉት፤ እኔ ቤት እያገለገለ ነው። ማያያዣውን ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ሐምሌ ላይ የእኔው ውኃ ገብቶበት አንድ ሳምንት አስለቅሶኛል። መብረቅን በተመለከተ ሣጥኑ አንድም ቃል አይልም። ማሰሪያው ብረት ላይ የመሬት ሽቦ ራሴ አስገብቻለሁ፤ ያም ሆኖ ደመናው ከዘጌ በኩል ሲጠቁር ሮጬ ገመዱን ከራውተሩ እነቅላለሁ።