«ኮላተራል»፦ እጁ የሠለጠነ ገዳይ፣ መንገድ ላይ የቀሩ ወኪሎች

የቅጥር ገዳይ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚጋለጡት መሣሪያ አያያዝ ላይ ነው። ተዋናዩ ጥይቱ የማያልቅ ሽጉጥ ይይዛል፣ ጣቱ ከቃታው አይነሳም፣ ሳይለንሰር (አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ድምፅ መቀነሻ) ከገጠመበት ደግሞ ተኩሱ ከሳል ያነሰ ድምፅ አለው። ሳይለንሰር ግን የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ነው፤ 160 ገደማ የነበረው ወደ 130 ቢወርድ እንኳ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ዳይሬክተር ማይክል ማን በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም «ኮላተራል» ዛሬም የሚታየው በዚህ በኩል ስለተጠነቀቀ ነው።

120 ደቂቃ፣ አንድ ሌሊት፣ ሎስ አንጀለስ። ቪንሰንት (ቶም ክሩዝ) ማክስ የተባለውን ባለታክሲ (ጄሚ ፎክስ) አምስት ቦታ እንዲያደርሰው በ600 ዶላር ይዋዋለዋል። ማክስ የቤት ሽያጭ ፊርማ የሚያስፈርም ነጋዴ የጫነ መስሎታል፤ የመጀመሪያው ሬሳ ታክሲው ላይ እስኪወድቅ ድረስ።

ሁለት ቀማኞች የቪንሰንትን ቦርሳ የሚወስዱበትን ትዕይንት አዘግይታችሁ እዩት። ግራ እጁ የተደገነበትን ሽጉጥ ወደ ጎን ይመታል፣ ቀኙ ኮቱን ገልጦ ይመዛል፣ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች እጁን ሳይዘረጋ ከወገቡ አካባቢ ይተኩሳል። ክንድ ርቀት ላይ ለቆመ ሰው መሣሪያ መዘርጋት እንካ ቀማኝ ማለት ነውና። ራቅ ያለው ላይ ግን እጁን ዘርግቶ ሁለት ደረት፣ አንድ ጭንቅላት። ነገሩ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ክሩዝን ያሠለጠነው የቀድሞው የብሪታንያ ልዩ ኃይል አባል ሚክ ጉልድ ሲሆን፣ ልምምዱ በእውነተኛ ጥይት ነበር።

ቀረጻውም ለዘመኑ ድፍረት ነው። አብዛኛው በዲጂታል ካሜራ ተሠራ፤ ምክንያቱም የፊልም ጥቅል የማይዘውን የከተማ የሌሊት ሰማይ ዲጂታሉ ይይዝ ነበር። ታክሲው ውስጥ የተዋናዮቹን ፊት ለማብራት ስስ ብርሃን ሰጪ ሉሆች ተለጥፈዋል። የኮሪያውያን ሰፈር ዳንስ ቤት ተኩስ ግን በፊልም ጥቅል ተቀረጸ፤ የምስሉ ጠባይ ሲለወጥ ዓይን ይለየዋል።

የመንግሥት ሰዎቹስ? አነሳሳቸው ጥሩ ነው። ኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) የዕፅ ነጋዴውን ፌሊክስን ከሩቅ እየተከታተለ፣ ማክስን ገዳዩ ነው ብሎ ይደመድማል። የከተማው ፖሊስ መርማሪ ፋኒንግ (ማርክ ሩፋሎ) ታሪኩ አልገጥምለት ሲል የሚሰማው የለም። ይህ የሁለት መሥሪያ ቤት መናቆር ከማንኛውም የመኪና ማሳደድ ይልቅ ያሳምናል። ችግሩ ከዳንስ ቤቱ በኋላ ነው፦ ያን ያህል ሰው ያሰለፈው ኤፍቢአይ ከታሪኩ ይተናል። የፊልሙ ፈጣሪዎች ወኪሎቹን የረሷቸው ያህል ነው።

ሌላም እንከን አለ። ማንም ልብ አይለኝም ብሎ የሚኖር ባለሙያ መቶ ሰው በሚያየው አዳራሽ ውስጥ ገብቶ አይታኮስም። የፊት መስታወቱ የተሰነጠቀ ታክሲ ይዞ መዞሩም ሞኝነት ይመስላል፤ ፊልሙ ግን ለዚህ መልስ አለው። ፋኒንግ ሰው ገድሎ ራሱን ያጠፋ ስለተባለ ባለታክሲ የሚያወራውን በጥሞና ስሙ። ከማክስ የማታ ተሳፋሪዎች አንዷ የሆነችው ዐቃቤ ሕግ የቪንሰንት ዒላማ ሆና መገኘቷ ግን መልስ የሌለው ግጥምጥሞሽ ነው።

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የተጨመቀ ቅጂ ተዉት፤ ጨለማው ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ብሉሬይ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ማስተካከያ ካለው አጥፉት፣ ክፍሉንም አጨልሙ።

ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ያን ሁለት ደረት አንድ ጭንቅላት የሚል ልማድ አስታውሱና ጥይቶቹ በሩ ላይ የት እንዳረፉ ተመልከቱ።