ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ፦ የማን ወርቃማ ዘመን ይበልጣል?

ኃይሌ ገብረሥላሴን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2000 በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የቀደመው ሰው የለም። አራት የዓለም፣ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ! ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ ያችን የመጨረሻ መቶ ሜትር ዛሬም ሳያት ልቤ ይመታል። በ1995 ዙሪክ ላይ ደግሞ የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በአንድ ምሽት ወደ 11 ሰከንድ ገደማ አሻሻለው።

ቀነኒሳ በቀለ በትራኩ አያንስም። የ5,000 (12:37.35) እና የ10,000 ሜትር (26:17.53) ክብረ ወሰኖቹ እስከ 2020 አልተደፈሩም። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ግን አገር አቋራጩ ነው። ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ ያውም ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እየሮጠ። በ2005 እጮኛውን በሞት ካጣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ኃይሌ በዚህ መድረክ በአዋቂዎች ወርቅ የለውም፤ በእሱ ዘመን የሜዳው ንጉሥ ቴርጋት ነበር።

ስለዚህ ድምፄ ለቀነኒሳ ነው። በ2003 ፓሪስ ላይ ኃይሌን መቅደሙን ግን ማስረጃ አላደርገውም፤ ኃይሌ ያኔ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር።