ለቪጎ ኤቢኤስ መብራት የትኛው መመርመሪያ ይሻላል? ብሉቱዟ፣ ኬብሉ ወይስ ቁራጭ ሽቦ

እ.ኤ.አ. እስከ 2015 የተሠራው፣ ቪጎ የምንለው ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራቱ በርቶ አልጠፋ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክታ ከስልክ ጋር የምትሠራውን ትንሿን ብሉቱዝ ኢኤልኤም 327 ነው። ለዚህ ሥራ አትሆንም። በተለመዱት የስልክ አፖች የምታነበው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኤቢኤስ የራሱ ኮምፒውተር ስላለው እሷ «ስህተት የለም» ትላለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ እንደበራ ነው። ለቼክ ኢንጂን ጥሩ ዕቃ ናት፤ ለፍሬን ብላችሁ ግን አትግዟት።

ኮዱን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው ዋጋ የሌለው ቁራጭ ሽቦ ነው። ከመሪው ሥር ያለውን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ተመልከቱት። ከላይኛው ረድፍ ከግራ አራተኛው ቁጥር 4 ነው፤ ከታችኛው ረድፍ ከግራ አምስተኛው ደግሞ ቁጥር 13። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ሁለቱን በሽቦ አገናኙ፣ ከዚያ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ። ከታች መጨረሻ ያለው ቁጥር 16 ቀጥታ የባትሪ መስመር ነው፤ ሽቦው እሱን ከነካ ፊውዝ ይበላል፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ ቁጠሩ።

መብራቱ ሳያቋርጥ እኩል ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ ስህተት አልተመዘገበም። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ካለ ኮዱ 31 ነው፦ የፊት ቀኝ ጎማ ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር። 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ ናቸው። 41 ካሳየ ሴንሰር አትፈቱ፤ የባትሪ ቮልቴጅ ወርዷል ማለት ነው፣ ባትሪውንና ዲናሞውን ለኩ። 49 የፍሬን መብራት መስመር ነው፤ ከፔዳሉ ማብሪያና ከኋላ አምፖሎች ጀምሩ። ከ11 እስከ 14 ያሉት የሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) መስመር፣ 51 ደግሞ የፓምፑ ሞተር ናቸው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፓምፕ ለመግዛት ማሰብ የሚገባው እዚህ ሲደረስ ነው፤ ያኔም ፊውዝና የቦዲ መሬት ሽቦ ከታየ በኋላ። በ31 ወይም በ33 ፓምፕ መቀየር ንጹህ ኪሳራ ነው።

ሽቦው የማይነግራችሁ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ሴንሰሩ ራሱ ሞቷል ወይስ ሌላ ነገር እያወከው ነው? ለዚህ ላፕቶፕ ላይ ከቴክስትሪም (የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር) ጋር የሚሠራው፣ ላፕቶፑን ከመኪናው ሶኬት የሚያገናኘው ሚኒ ቪሲአይ ኬብል ዋጋውን ያወጣል። የአራቱን ጎማ ፍጥነት በአንድ ጊዜ ያሳያል። አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ስክሪኑን ይይ፤ ቀጥ ባለ መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራቱም ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ጨርሶ 0 ከሆነ ገመዱ ወይም ሴንሰሩ ነው። አንዱ በየዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርስ ያለው ቀለበት ተሰንጥቋል፣ ተጣሟል ወይም ኩሽኔታው ላልቷል። ቪጎ ላይ የኋላው ቀለበት አክሱ ላይ በፕሬስ የሚገባ ስለሆነ፣ የኋላ ኩሽኔታ ተቀይሮ ወዲያው መብራቱ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመዶሻ የተመታው ቀለበት ነው። ሌላው የተለመደ የኋላ ችግር የአክሱ ዘይት መያዣ ጎሚኒ አፍስሶ የብረት ብናኝና ዘይት የሴንሰሩን ጫፍ ሲሸፍነው ነው። ይህን ጨርቅና የፍሬን ማጽጃ ይፈታዋል፣ ጎሚኒው ግን አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ የፍሬን ሸራውም ዘይት ይጠጣል።

የፊት ሴንሰር ገመድ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ስለሚታጠፍ ውስጡ ተበጥሶ ላዩ ደህና ይመስላል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ፣ እየለካችሁ ገመዱን አወዛውዙት፣ ንባቡን ከሌላው ጎን ጋር አወዳድሩ። ቁጥሩ እየጠፋ ከተመለሰ ችግሩ ያለው ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ላይ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የኬብሉ ድክመት ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ድራይቨሩ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል፤ 32 ቢት ዊንዶውስ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ትልቅ ድካም ያቀላል። ከኬብሉ ጋር የሚመጣውን ሲዲ የባንክና የሥራ ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ላይ አትጫኑት። ለአንድ መኪና ባለቤት ሽቦው ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ቶዮታ ለሚያስተዳድር ወይም ለትንሽ ጋራዥ ኬብሉን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱን ለማጥፋት 4ን እና 13ን እንደገና አገናኙ፣ ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ የፍሬን ፔዳሉን 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ርገጡ፣ ከዚያ ሽቦውን አውጡ። መኪናው ቆሞ መሆን አለበት። የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል። የእጅ ፍሬን ወርዶ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮት ከበራ ግን የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የኋላ ፍሬን ግፊት ማመጣጠኛው ቆሞ ከሆነ በተለይ ጭነት ሳይኖር ኋላው ቶሎ ይቆልፋል፤ ዘይቱን ሳታዩ አትንዱ።