የጠጠር መደብ፣ ፎም ወይስ ቱቦ? ለጎንደር ጓሮና ለጎርጎራ ጀልባ የሚሆን አኳፖኒክስ

ጎንደር ከተማ ጓሮ ላይ አንደኛ የምንለው የአኳፖኒክስ ዓይነት ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወርዶ ጀልባ ላይ ቢጫን ጀልባውን ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ለአኳፖኒክስ፣ ማለትም ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ለማርባት፣ ዕቃ ሊገዙ የተነሡ ሰው "የትኛው ብዙ ሰላጣ ያወጣል?" ከማለታቸው በፊት ሁለት ነገር ይመልሱ፦ የሚቀመጠው የት ነው? መብራት ሲጠፋስ ስንት ሰዓት ይችላል?

መሠረቱ በሁሉም አንድ ነው። ዓሣው አሞኒያ ይለቃል፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አትክልቱ ናይትሬቱን ይመገብና ውሃው ወደ ዓሣው ይመለሳል። የሚለያዩት የአትክልቱ ሥር በሚያርፍበት ቦታ ነው፦ በጠጠር መደብ ውስጥ፣ በተንሳፋፊ ፎም ሥር ባለ ውሃ ውስጥ፣ ወይም ስስ ውሃ በሚፈስበት የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ።

የጠጠር መደብ

ለጓሮ ያለ ማመንታት የምንመክረው ይህንን ነው። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር ይሞላበታል፤ ውሃው እየሞላ እየፈሰሰ ይመላለሳል፣ የላይኛው 5 ሴንቲሜትር ግን ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ጠጠሩ የባክቴሪያ ቤት፣ የዝቃጭ ማጣሪያና የሥር መያዣ በመሆኑ ዓሣው እስካልበዛ ድረስ ለብቻው ማጣሪያ መግዛት አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ በጠጠሩ መሃል የሚቀረው እርጥበት አትክልቱን ለሰዓታት ያቆየዋል። የፋብሪካ የዓሣ መኖ ጠፍቶ በኑግ ፋጉሎ የተዘጋጀ መኖ ሲሰጥ ውሃው ይደፈርሳል፤ ጠጠር ይህንንም ይችላል፣ በተለይ አንድ እፍኝ ቀይ ትል ከተጨመረበት። ቲማቲምና ቃሪያም ሥራቸውን ዘርግተው የሚቆሙት እዚህ ነው።

ጠጠሩን ከመጫንዎ በፊት አንድ እፍኝ አጥበው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት። አረፋ ካወጣ ኖራነት አለው፤ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን መለኪያ፣ ከ7 በላይ ይሰቅለውና አትክልቱ ብረት መሳብ አቅቶት አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል።

የሚያስቸግረው ሳይፈኑ፣ ማለትም መደቡ ሲሞላ ውሃውን በራሱ ስቦ የሚያወርደው መሣሪያ ነው። የፓምፑ ወንፊት ሲደፈን ውሃው ሳይፈኑ ውስጥ በቆመው መቆሚያ ቱቦ አፍ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል እንጂ ሳይፈኑ አይነሳም። መደቡ እንደሞላ ይቀራል፣ አየር ያጣው ሥር ቀስ በቀስ ቡናማ ሆኖ መሽተት ይጀምራል። መጀመሪያ ወንፊቱን ይጠቡ። ካልሆነ ሳይፈኑን አውጥተው መቆሚያው ቱቦ ግርጌ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይብሱና ፓምፑን በታይመር 15 ደቂቃ አብርተው 45 ደቂቃ ያጥፉት። ባለ 30 ዋት ፓምፕ 24 ሰዓት ሙሉ ሲሠራ 720 ዋት-ሰዓት የሚበላው በዚህ መንገድ ወደ 180 ይወርዳል።

ጉድለቱ ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር መደብ ከነውሃው ወደ 600 ኪሎ ይደርሳል፤ ፎቅ ላይ መሐንዲስ ሳያየው አይቀመጥም።

ፎም

ለሽያጭ ሰላጣና ቆስጣ በብዛት ለሚያመርት ጥሩ ነው፤ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሰላጣ ይተከላል፣ ለዚህም ዓሣው በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ መብላት አለበት። 30 ሴንቲሜትር ውሃ ስለሚይዝ ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም፣ መብራት ቢጠፋም ሥሩ ውሃ ውስጥ ነው። ነገር ግን የዝቃጭ ማጣሪያ፣ የባክቴሪያ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ለየብቻ ይገዛሉ። ሲሞላ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ በየቀኑ የሚጨመረው ግን በማንኛውም ዓይነት ለ1,000 ሊትር ከ10 እስከ 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ገደማ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ቀን ክፍት ይቆይ።

ቱቦ

110 ሚሊሜትር ቱቦ፣ በሜትር 1 ሴንቲሜትር ዝቅታ፣ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሊትር ውሃ። ቀላልና ቦታ ቆጣቢ ነው፤ ለሰላጣና ለበሶብላ ይስማማል። ሆኖም ፓምፑ በጠራራ ፀሐይ ከቆመ ሥሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ያለ ባትሪ ጎንደር ላይ ቱቦ አይግዙ።

ጀልባ ላይ ምርጫው ይገለበጣል

ጣና ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደትና የውሃ መናወጥ ነው። የፎም ገንዳ ሰፊ ገላጣ ውሃ ነው፤ ጀልባው ባዘነበለበት ጎን ሁሉ ውሃው ተከትሎ ይሄድና የበለጠ ያዘነብለዋል። የጠጠር መደብ ደግሞ አትክልቱ ፀሐይ እንዲያገኝ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በዚያ ላይ ሳይፈን በሚወዛወዝ ቦታ በትክክል አይነሳም። ስለዚህ ለጀልባ ቱቦ እንመርጣለን። ባለ ብረት ወይም ባለ ፋይበር አካል ጀልባ ማለታችን ነው፤ የደንገል ታንኳ ለዚህ አይሆንም።

የ500 ሊትር የዓሣ ገንዳ ብቻውን ከሰባት ተሳፋሪ ክብደት ጋር እኩል ነው። ከጀልባው ወለል ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ከነክዳኑ ይቀመጥ። በርዝመቱ በግድግዳ ለሁለት እኩል ቢከፈል የውሃው መናወጥ የሚያመጣው ማዘንበል ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ግድግዳ ሳያሠሩ ገንዳ አይጫኑ።

5 ኪሎ ዓሣ በቀን 75 ግራም ገደማ መኖ ይበላል፤ ይህም ለአንድ ተኩል ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል ይበቃል። ለባክቴሪያው በጠጠር ፋንታ አንድ በርሜል የታጠበ የሃይላንድ ክዳን ይጠቀሙ፤ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ቱቦዎቹን በጀልባው ርዝመት ይዘርጉ፣ ከ3 ሜትር አይርዘሙ፣ ዝቅታውንም በሜትር 2 ሴንቲሜትር ያድርጉ፤ አለዚያ ሰው ወደ አንድ ጫፍ ሲሰበሰብ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ይግዙ፣ ኢንቨርተር ውስጥ የሚባክን ኃይል አይኖርም። ፓምፑና የአየር ፓምፑ ተደምረው 40 ዋት ከሆኑ የ12 ሰዓት ሌሊት 480 ዋት-ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ ይችለዋል። ቀን ላይ ለመሙላት 300 ዋት ሶላር ያስፈልጋል።

የትኛው ዓሣ?

ቀረሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከ17 በታች መብላት ይተዋል። ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ገንዳው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ካልሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ እድገቱ ይቆማል። ጎርጎራ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሌሊቷ ይሻላል። አምባዛም ሙቀት ይወዳል፤ ብልጫው ከላይ አየር መተንፈሱ ነው፤ ፓምፕ በቆመበት ሌሊት ቀረሶ ማለዳ ላይ አፉን ውሃው ፊት ላይ አድርጎ ሲያለከልክ አምባዛን አይነካውም። ለሽያጭ ካሰቡ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ምእመናን ስላሉ አስቀድመው ገዢዎን ይጠይቁ። የጾም ወቅት ላይ ገበያ የሚያመጣው ቀረሶ ነው። ጀልባ ላይ ከጣና የራሱ ዝርያ ውጪ ሌላ ዓሣ ፈጽሞ አይጫን፤ አንዴ ሐይቁ ውስጥ ከወደቀ የሚመልሰው የለም።

የተሟላ ኪት የሚሸጥልዎ ሰው "ወዲያው ዓሣ ያስገቡ" ቢልዎ አይስሙት። ባክቴሪያው እስኪቋቋም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በብርድ ወራት ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ዜሮ ገደማ እስኪሆኑ ይጠብቁ። የቆርቆሮ ገንዳና የመዳብ ማያያዣም አይቀበሉ፤ ዚንክና መዳብ ዓሣ ይመርዛሉ። ፓምፑንም ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አይግዙ፤ ቁጥሩ ውሃው ከፍታ ሳይወጣ የተለካ ነው። ቱቦውን መደብዎ በሚሆንበት ከፍታ ላይ አስይዘው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስሞሉበት። በ72 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 1,000 ሊትር ይሰጣል፤ ፓምፑ ሳይቋረጥ ከሠራ ይህ ለ1,000 ሊትር ገንዳ ይበቃል።