ደሴ ፒያሳ ያለችው የአሮጌ መጽሐፍ መደብ

ሱቅ ማለት ይከብዳል። አንድ መደርደሪያና መሬት ላይ የተነጠፈ ላስቲክ ነው። ግን ሻጩ ጋሼ መጽሐፍ ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቁሃል። የት አደግክ? ስትናደድ ትጮሃለህ ወይስ ዝም ትላለህ? መጀመሪያ ሙድ የያዙብኝ መስሎኝ ነበር። ዝም ነው የምለው አልኳቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንስተው ሰጡኝ።

እውነት ለመናገር ደስ አላለኝም። በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ታሪኩም ጎጃም፤ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ በሀረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ እየተናወጥኩ የምመላለስ ልጅ፣ ምን ያገናኘናል ብዬ። ዋናው ገጸ ባህሪ በዛብህ ጋ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እሱ ገና በልጅነቱ ለስለት የተሰጠ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው። እኔንም እናቴ ገና በሆዷ እያለሁ ነው «ዶክተር ይሆናል» ያለችው። አልሆንኩም፣ እስካሁንም በግልጽ አልነገርኳትም፣ ዝም ነው የምለው አላልኩም? ጎበዝ መስሎ ውስጡ የሚፈራ ሰው ሳነብ ደግሞ ጭራሽ ፊቴ ጋለ።

ቅሬታ አለኝ። የኔ ቅጂ መጨረሻው ላይ ጥቂት ገጾች ተገንጥለው ወድቀዋል፣ እዚያው ገልጣችሁ ሳታዩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና ሌላ ቅጂ አውሰውኝ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ዋጋ ላይ ግን ንቅንቅ አይሉም። ዝናብ ሲያስገመግም ደግሞ ላስቲኩን ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ክረምት ላይ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። እህቴን ልወስዳት ነው፣ እሷ ስትናደድ ትጮሃለች።