እትዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ይር 5 እና ይር 6 (የአንደኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች) ልጅ ላላችሁ የለንደን እናቶችና አባቶች።

ይህን ጽሁፍ ልጻፍ ልጻፍ ስል ወራት አለፉ። የሌሊት ሥራና ልጆች ፋታ አልሰጡኝም። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አልተኛም። ልጄ አዲሱን ትምህርት ቤቷን ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጠዋት ቁርሷን ረጋ ብላ በልታ፣ ከጎረቤት ጓደኛዋ ጋር እያወራች በእግሯ ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት እንባዬ መጣ። ወዲያው ትዝ ያሉኝ እኚህ ሴት ናቸው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። የትምህርት ቤት ምርጫ ግራ ያጋባው ወላጅ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። አምስት ሳንቲም አይቀበሉም።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ያየሁትን አሳር ግን ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ግራመር ስኩል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ ክፍያ የለውም፤ ግን ተማሪ የሚቀበለው በፈተና መርጦ ነው። በመላው እንግሊዝ ያሉት 163 ብቻ ናቸው። እኛ የምንኖርበት ክሮይደን ውስጥ አንድም የለም። ጎረቤታችን ሰተን ግን አሉ፤ እዚያ ለመግባት በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይፈተናሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ልጄ ይር 5ን ካጋመሰች በኋላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ "እስካሁን አስጠኚ አልያዝሽላትም?" ስትለኝ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። በሰዓት 40 ፓውንድ እየከፈልኩ አንድ ማስጠኛ ቦታ አስገባኋት። ለዚያ ብዬ የሌሊት ሽፍት ጨመርኩ። ከአራት ወር በኋላ ሰውየው አስጠርቶኝ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ እየሰማች፣ "ይቺ የግራመር ልጅ አይደለችም። ተጨማሪ ኮርስ ካልገዛሽላት ተስፋ የላትም" አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ገብተን እጇን እየታጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?" አለችኝ። ገንዘቡስ ይቅር። ያቺን ጥያቄ ግን እስከዛሬ ልረሳት አልቻልኩም።

ሌላው ደግሞ "አዋቂ ነው" ተብሎ የተጠቆምኩት ሰው ነው። "ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የምትሞዪው የትምህርት ቤት ምርጫ ፎርም ላይ ግራመር ብቻ ጻፊ። የሰፈርሽን ትምህርት ቤት ከጨመርሽ ግራመሮቹ አትፈልገንም ብለው ይጥሏታል" አለኝ። አመንኩት። ስድስት ቦታ ያለው ፎርም ላይ ሁለት ግራመር ጽፌ ሌላውን ባዶ ተውኩት።

ልጄ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ተፈተነች። የበዓል ዶሮ እንኳን በወጉ አልበላንም። እኔ ሚኒስትሪ ስፈተን አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠብቆኝ ነበር፤ እኔም እንደሱ ቆምኩ። ልዩነቱ፣ የእኔዋ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። እና የመጀመሪያውን ፈተና አለፈች! "የግራመር ልጅ አይደለችም" የተባለችው ልጅ። ግን ማለፍ ብቻውን ወንበር አያስገኝም።

እትዬ ጋ የሄድኩት ያኔ ነው፣ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ። ፎርሙን ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና "ይሄን ማን ነው ያስሞላሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። "ስሚ ልጄ" አሉኝ፣ "ትምህርት ቤቶቹ በስንተኛ ተራ እንደጻፍሻቸው አያዩም። በተራ ቁጥር ብለው ልጅ መጣልም ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ግራመሩ ካልሆነላት ግን የሰፈርሽ ትምህርት ቤት አልጠየቅሽውምና አያውቃትም። ካውንስሉ ቦታ ወደተረፈበት ይልካታል። ስድስቱንም ሙዪ፣ ከልብሽ በምትፈልጊው ቅደም ተከተል።" እስከ ኦክቶበር 31 ማስተካከል እንደሚቻልም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል። ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረን።

ከዚያ የትምህርት ቤቶቹን ቁጥሮች አውጥተው አስረዱኝ። ልጆቹ ሲገቡ ከነበሩበት ምን ያህል ከፍ ብለው እንደሚወጡ የሚያሳይ ነገር አለ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ "ቁጥሩን ተዪው። መንገዱን እንሂደው" አሉ።

የልጄ ትምህርት ቤት በመምህራን ሥልጠና ምክንያት ዝግ የሆነበት አንድ ሰኞ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ገና ጨለማ፣ ካፊያ እየጣለ፣ እትዬ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው የአውቶቡስ ፌርማታችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጡረታ የወጡ ሴት! የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ አለፈን። ሁለት ቀያይረን ግራመሩ በር ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነው የደረሰችው።

ስንመለስ እኔን ተዉኝና እሷን ጠየቋት። "ሁለቱንም ገብተሽ አይተሻል። ጥያቄ የጠየቅሽው የትኛው ጋ ነው?"

"የሰፈራችን። ሳይንስ ክፍል ውስጥ። መምህሯ ሁለቴ አስረዳችኝ" አለች። "እዚያኛው ጋ ግን ፈራሁ።"

ስንት ወር ስሮጥ ይህን ጥያቄ አንድ ሰው አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሰፈሩን አንደኛ አድርገን ጻፍን፣ ግራመሩን ሁለተኛ፣ ሌሎቹንም ሞላን። ማርች 1 ኢሜይሉ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያ ምርጫችን ደርሷት ነበር።

እትዬ ግራመር የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት አንድ የጓደኛዬን ልጅ ግራመር እንዲገባ የረዱት እሳቸው ናቸው። ልጁ ፈተና የሚወድ፣ ቤቱም ከትምህርት ቤቱ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ነው። ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ ለሚያገኙ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጡ ብዙ ግራመሮች እንዳሉ ለእናቱ የነገሯት እሳቸው ናቸው። እሷ አታውቅም ነበር። እናንተም ጠይቁ።

ላመሰግናቸው ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። ቆርሰው ትልቁን ለልጄ ሰጧትና "ሳይንሱ እንዴት ነው?" አሏት። ሌላ ነገር አልተቀበሉኝም።

እባካችሁ፣ ግራ የገባችሁ ወላጆች፣ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አዳራሹን እነግራችኋለሁ። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ በየቅዳሜው አሉ። የመጨረሻው ሳምንት ሰው ይበዛልና ቀደም በሉ። ፎርሙን ያዙ፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚያናግሩት ልጁን ነው።