የጎረቤት ድመት የለመደችው መደብ፦ የሽቦ መረብ ወይስ ውሃ የሚረጭ ሴንሰር?

ድመት ለመጸዳዳት የምትመርጠው ደረቅ፣ ልልና አዲስ የተኮተኮተ አፈር ነው። ዘር የተዘራበት መደብ ቀድሞ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

የሽቦ መረብ ይህን ምቾት ይነሳታል። ቀዳዳው ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዶሮ ቤት ሽቦ መደቡ ላይ ዘርግቶ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በታጠፈ ሽቦ ወግቶ፣ ስስ አፈር ማልበስ ነው። ድመቷ ልትጭር ስትል ጥፍሯ ሽቦ ይነካል፤ መቆፈር ካልቻለች ትታው ትሄዳለች። ቡቃያው በቀዳዳው ያልፋል። ጠርዙ ግን ወደ ታች ታጥፎ ካልተቀበረ የልጆችን እግር ይቧጭራል። ግንዱ የሚወፍር ተክል ደግሞ እንዳይታነቅ ዙሪያውን ሽቦ ቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሴንሰር ያለው መርጫ እንቅስቃሴ ሲያይ ለጥቂት ሰከንድ ውሃ ይረጫል። ሰፋ ያለ ቦታ ይጠብቃል፣ ድመቷንም አይጎዳም። ቧንቧው ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ግን የላላ መጋጠሚያ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያድራል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ፊቱ ካለም በከንቱ ይረጫል።

ለአንድ ሁለት መደብ ሽቦው ያለ ጥርጥር ይሻላል። መርጫው የሚያዋጣው ድመቷ የምትገባበት መንገድ ታውቆ ወደዚያ ሲዞር ነው።

በሁለቱም ዓይነ ምድሩን በዕለቱ በጓንት ማንሳት ግድ ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ተላላፊ የሚሆነው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነውና። ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው። ናፍታሌን መበተን ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ለድመትም ለሕፃንም መርዝ ነው።